የተፈታ ፓምፕ የተበላሸ ፓምፕ አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ምዕራብ ጎጃም የገጠር ውሃ ያወጣችሁትን ዘገባ አንባቢ ሁሉ አይቶታል። ከላይ ፎቶግራፍ አለ፤ ከፎቶው ሥር «በጥገና እጦት ተበላሽቶ የቆመ የእጅ ፓምፕ» ይላል። ፎቶው ላይ የሚታየው ግን ሌላ ነው። ክዳኑ ተከፍቷል፣ እጀታው ወልቆ ጎን ተቀምጧል፣ አምስት ዘንጎች ሸራ ላይ ተደርድረዋል፣ አንዲት ሴት መፍቻ ይዛለች። ተበላሽቶ የተተወ ፓምፕ ከሆነ ዘንጉን ሸራ አንጥፎ የደረደረለት ማን ነው? ፎቶግራፍ አንሺያችሁ የደረሰው ጥገና መሐል ነው። ሁለት ሰዓት ቢታገሥ ኖሮ ውሃው ሲወርድ ያነሳው ነበር።

ፓምፑ አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሲነደፍም የመንደሩ ሰው ራሱ እንዲፈታውና እንዲገጥመው ተብሎ ነው፤ ለመደበኛ ጥገናው አንድ መፍቻና አንድ ማውጫ መንጠቆ ይበቃል። መጀመሪያ ክዳኑ ይከፈታል፣ ቀጥሎ እጀታው ይወጣል። ዘንጎቹ እያንዳንዳቸው ሦስት ሜትር ያህል ናቸው፤ በመንጠቆና በቀለበት ስለሚያያዙ ከጉድጓዱ አንድ በአንድ እየተሳቡ ይላቀቃሉ። በመጨረሻው ዘንግ ጫፍ፣ ሲሊንደር በሚባለው ቱቦ ውስጥ እየተመላለሰ ውሃውን የሚያነሳው ፕላንጀር አለ። እሱ ላይ ያለችው ጎማ፣ ዩ ሲል የምትባለው፣ በዓመት አንዴ መለወጥ አለባት። ከዚያ መንጠቆው በዘንጎቹ ጫፍ ታስሮ ይወርድና ውሃው ተመልሶ እንዳይወርድ የሚይዘውን የታችኛውን ቫልቭ ይዞ ይወጣል፤ የእሱም ቀለበት ጎማና ቀዳዳውን የሚከፍትና የሚዘጋው ቦቢን ይታያሉ። የፕላስቲክ ቱቦው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይቆያል። ይህን ሥራ ሁለት ሰዎች ያለ መኪናና ያለ ክሬን ይጨርሱታል።

ሸራው ለምን እንደተነጠፈ ዘጋቢው ቢጠይቅ መልሱን ከሴትየዋ ያገኝ ነበር። ዘንግ ባዶ መሬት ላይ ከተጋደመ አሸዋ ይይዛል፤ አሸዋው ሲሊንደር ውስጥ ይገባና አዲሷን ጎማ በጥቂት ሳምንት ይበላታል። ሌላም የሚሳሳቱበት ቦታ አለ። የጎማዋ ከንፈር ወደ ላይ መዞር አለበት፤ ተገልብጣ ከገባች ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ቢመታ ውሃ አያነሳም። ዘንጎቹ ተመልሰው ከመውረዳቸው በፊትም በረኪና በገባበት ውሃ ይታጠባሉ፤ አለበለዚያ የእጅ ቆሻሻ በቀጥታ ወደ መጠጥ ውሃው ይወርዳል።

ፓምፕ መበላሸት አለመበላሸቱን ማወቅም የሚከብድ ነገር አይደለም። ሲሊንደሩ 50 ሚሊሜትር ስፋት አለው፣ ፕላንጀሩ በአንድ ምት 22 ሴንቲሜትር ያህል ይጓዛል፤ ስለዚህ ደህና ፓምፕ 20 ሊትር ጀሪካን በ50 ምት ገደማ ይሞላል። ውሃው ወዲያው መጥቶ ጀሪካኑ 80 ምት ከፈጀ ያለቀችው የፕላንጀሩ ጎማ ናት። ግማሽ ሰዓት አርፎ ሲመታ ብዙ ከደከመ በኋላ ብቻ ውሃ የሚያመጣ ከሆነ ደግሞ የታችኛው ቫልቭ ወይም የቱቦው መጋጠሚያ ያንጠባጥባል። እጀታው ወደ ግራና ቀኝ ከዋለለ እጀታው የሚዞርበት ቡሽ (ቡሺንግ) አልቋል። ዘጋቢያችሁ ይህን አላጣራም፤ «ተበላሽቷል» ብሎ ግን ለአገር አሰራጨ።

ከስሕተቱም በላይ ያንገበገበን ስሟ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ያቺ ሴት «ተጠቃሚ» ተብላለች፤ ጉድጓዱም «የተበረከተ» ነው። መፍቻ የያዘች ሴት የፓምፑ ተንከባካቢ ናት! ለጋሹ ድርጅት አራት ጊዜ ተጠቅሶ የውሃ ኮሚቴው አንዴም አልተነሳም። ድንጋዩንና አሸዋውን ማን አጋዘ? ጉድጓዱን ማን ቆፈረ? በየወሩ ከየቤቱ ብር የሚሰበስበው፣ ዘበኛውን የሚከፍለው፣ ከብት እንዳይገባ አጥሩን የሚያድሰው ማን ነው? ደመወዝ የሌለው፣ ቢሮ የሌለው፣ ትርፍ የማይካፈል ይህ ኮሚቴ የገበሬው የራሱ ድርጅት ነው። በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው አሠራር የግንባታው ገንዘብ ራሱ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል ለኮሚቴው ይደርስ ነበር፤ ግንበኛውን የሚዋዋለው፣ ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ለጥገና የሚሆነውንም አስቀድሞ የሚቆጥበው ኮሚቴው ነበር። እነዚህን ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው የሚጠብቁ አስመስሎ መጻፍ በደል ነው።

በገጠር የቆመ ፓምፕ የለም አልልም፤ አለ፣ የሚቆምበትንም ምክንያት እናውቀዋለን። አንዱ የቁፋሮው ወር ነው። የእጅ ጉድጓድ መቆፈር ያለበት ውሃው እጅግ በሚሸሽበት በሚያዝያና በግንቦት ነው። በጀት ዘግይቶ ወይም ሪፖርት ተቸኩሎ ክረምቱ እንደወጣ በመስከረም የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ቶሎ ስለሚያገኝ ቁፋሮው ቶሎ ይቆማል፤ መጋቢት ላይ ይደርቃል። እዚያ ላይ ፓምፑ ምንም አላጠፋም። ሌላው መለዋወጫ ነው፦ ጎማዋ ርካሽ ናት፣ ነገር ግን ወረዳ ከተማ ላይ የሚሸጣት ሱቅ ከሌለ ኮሚቴው ገንዘቡን ይዞ ይቀመጣል። ሦስተኛው የቱቦ ስንጥቅ ነው፤ በሙጫ የተጋጠመው ቱቦ ሲለቅ ሙሉውን አውጥቶ መቁረጥና መልሶ ማጣበቅ ስለሚያስፈልግ የወረዳ ባለሙያ መምጣት አለበት። መመርመር የነበረባችሁ ይህንን ነው። በየትኛው ወር ተቆፈረ? ጎማዋ የት ትሸጣለች? ባለሙያው ከተጠራ በስንት ቀን ደረሰ? ከሦስቱ አንዱም አልተጠየቀም፤ መፍትሔ ተብሎ የቀረበው «አዲስ ጉድጓድ የሚሠራ ለጋሽ» ነው። ጎማ ላለቀበት ፓምፕ አዲስ ጉድጓድ!

ስለዚህ የፎቶው መግለጫ በሚቀጥለው እትማችሁ፣ መጀመሪያ በወጣበት ገጽና በዚያው የፊደል መጠን እንዲታረም እንጠይቃለን። ቃሉም ይኸው፦ «የውሃ ኮሚቴው የፓምፕ ተንከባካቢ ዓመታዊ ጥገና ስታደርግ»።

ከአክብሮት ጋር፣
በወረዳ ደረጃ የሚሠራ የገጠር ውሃ ባለሙያ