የጂኦግራፊ ክበብ፦ ባለ አንድ ሽምብራዋ መንደር

ጥቅምት ላይ «የሕዝብ አሰፋፈር» የሚለውን ርዕስ ስንጀምር አባላቱ የጓጉት ለትልልቆቹ ከተሞች ነበር፤ ለቶኪዮ፣ ለሌጎስ፣ ለሙምባይ። እኔ ደግሞ ከወዲያኛው ጫፍ መጀመር አማረኝና ሰሌዳው ላይ «ሞኖዊ፣ ነብራስካ፣ አሜሪካ። ሕዝብ፦ 1» ብዬ ጻፍኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ዜሮዎቹን ረስተዋል» አለኝ።

አልረሳሁም። ሞኖዊ በቦይድ ካውንቲ፣ ዛፍ በማይበዛበት ሰፊ የሣር ሜዳ ላይ የምትገኝ መንደር ናት። በማኒላ ወረቀት ካርታዋን ሠራንና ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ የተቆላ ሽምብራ መደብን። የተቆረቆረችው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ የባቡር ሐዲድ ሲደርሳት ነው (ስለ እርሷ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1930 123 ሰው ስለነበራት 123 ሽምብራ ደረደርን። ከዚያ በኋላ ሥራችን ማንሣት ብቻ ሆነ። ትራክተር የብዙ ሰው ጉልበት ሲተካ እርሻው ሰፋ፣ ገበሬው ግን አነሰ፤ ወጣቱም እንጀራ ፍለጋ ወደ ከተማ ነጎደ። ፖስታ ቤቱ በ1967፣ ትምህርት ቤቱ በ1974 ተዘጋ። በ1980 የቀረው 18 ሰው ነው። በ2000 ሁለት ብቻ ቀሩ፦ ሩዲ አይለርና ባለቤታቸው ወይዘሮ ኤልሲ። ልጆቹ እስከዚህ ድረስ የሚነሣውን እየቆረጠሙ ይስቁ ነበር። ሩዲ በ2004 አረፉ። ተራዋ የደረሰ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን እጇን ሰብስባ «ይህችን ሌላ ሰው ያንሣልኝ» አለች።

ከዓመቱ ሥራችን ሁሉ እኔን ያስደሰተኝ የጥር ወሩ ጭውውት ነው። ወይዘሮ ኤልሲ ከንቲባም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም፣ የመጠጥ ቤት ባለቤትም ሆነው ኖረዋል፤ የንግድ ፈቃዳቸውን ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው ይፈርማሉ፤ ለመንገድ መብራት የሚሆነውን ግብር ከራሳቸው ይሰበስባሉ። ባለቤታቸው የተዉአቸው 5,000 ገደማ መጻሕፍት ያሉበት ቤተ መጻሕፍትም አላቸው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ደብዳቤ ማርቀቅ ያዙ፦ «ለክብርት ከንቲባ፤ ጉዳዩ፦ የመጠጥ ቤት ፈቃድ ስለመጠየቅ»። ከታች ደግሞ «ግልባጭ፦ ለጸሐፊ፤ ለገንዘብ ያዥ»። ተዋናይዋ ደብዳቤውን ከጠረጴዛው በዚህ በኩል አስረክባ፣ ዞራ በዚያ በኩል ተቀበለችና መነጽሯን አስተካክላ «ነገ ይመለሱ» አለች። ምክትል ርእሰ መምህራችን እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ።

የ2020 ቆጠራ ግን አጣላን። የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ የሞኖዊን ሕዝብ 2 ብሎ አወጣ፤ ወይዘሮ ኤልሲ ግን ብቻቸውን ነበሩ። ቢሮው የግለሰቦች ምስጢር እንዳይገለጥ በሚያወጣቸው አኀዞች ላይ ሆን ብሎ ጥቂት ማዛባት ይጨምራልና ሁለተኛው ሰው ከዚያ የመጣ ነው። ገሚሱ «ቢሮው ካለ ሽምብራ ይጨመር»፣ ገሚሱ «የሌለ ሰው አይቆጠርም» አለ። በመጨረሻ ሁለተኛውን ነዋሪ በእርሳስ በስሱ ሣልነው።

ክርክሩ ወደ እኛም ዞረ። አገራችን የመጨረሻውን የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከክበቡ አባላት አንዳቸውም ያኔ አልተወለዱም። «ታዲያ እኛ የትም አልተቆጠርንም?» አለች አንዷ። መልስ አልነበረኝም። በሚቀጥለው ዓርብ በሁለት ቡድን ተከፍለው የትምህርት ቤቱን ግቢ ቆጠሩ፤ ሁለት የተለያየ ቁጥር ይዘው መጡ። አንደኛው ቡድን የሻይ ቤቷን ሴትዮና በር ላይ የቆሙትን ጥበቃ ዘልሏቸው ነበር።

የመስክ ጉዞአችን በአውቶቡስ እጦት ቀርቷል፤ ስለ እርሱ የምጽፈው የለኝም።

በወላጆች ቀን ካርታውን አዳራሹ መግቢያ ላይ ዘረጋነው። ከረፋዱ ላይ የአንድ አባላችን ታናሽ ወንድም፣ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ተንጠራርቶ የሞኖዊን ሕዝብ በሙሉ ቆረጠመው። እናቱ ደንግጠው ከቦርሳቸው እፍኝ ሙሉ ቆሎ አወጡልን። የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ከውስጡ አንዲት ሽምብራ መርጣ ቦታዋ ላይ አስቀመጠችና የቀረውን መለሰችላቸው።