አባባ፣ ስለዚያ ስልክ

አባባ፣

እንደምን ከረምክ? የግፊት መድኃኒትህን አትርሳ ብዬ ልጀምር ነበር፣ ግን ከመጀመሪያው እንዳላናድድህ ፈራሁ። ቢሆንም አትርሳ።

ያለፈው እሁድ ስልኩን ዘግተህብኛል። ኔትወርክ ነው እንዳትለኝ፣ አውቅሃለሁ። ሰዎች እዚህ አሜሪካ ለጆርጂያ ግዛት ምክር ቤት ተወዳደር እያሉኝ ነው ብልህ «ሱቅህን ጠብቅ! ነጋዴ ወንበር ላይ ሲወጣ ሚዛኑን ይዞ ነው የሚወጣው» አልክ፣ ከዚያ ጠፋህ። በስልክ አንግባባም። ስለዚህ ጻፍኩልህ። እህቴ ታንብብልህ፣ መሃል ላይ ግን አታቋርጣት።

በፋሲካ ሰሞን ልጆቹን ይዤ ሳውዝ ካሮላይና ሄጄ ነበር። ቢዩፈርት የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች፤ ዛፎቿ ላይ ልክ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል። እዚያ አንድ ትልቅ ነጭ ቤት ፊት ለፊት ብዙ ቆምኩ። ከውጭ ነው ያየሁት። ሮበርት ስሞልስ የሚባል ሰው በ1839 የተወለደው ከዚህ ቤት ጓሮ በነበረች ጎጆ ነው። እናቱ የቤቱ ጌቶች ባሪያ ነበረች። (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፣ መቀነሱን ታውቅበታለህ።)

በ1862፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ፣ ይህ ሰው ቻርልስተን ወደብ ላይ ባርነት እንዲቀጥል የሚዋጉት የደቡቦቹ ጦር በሚጠቀምባት ፕላንተር በምትባል መርከብ ይሠራ ነበር። አንድ ሌሊት ነጮቹ አዛዦች ከተማ ሊያድሩ ሲወጡ የካፒቴኑን የገለባ ባርኔጣ ደፋ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ከሌሎቹ ጋር ጫነ፣ በየምሽጉ ፊት ሲያልፍ ደግሞ የመርከቧን ፊሽካ ልክ ካፒቴኑ እንደሚያደርገው እየነፋ ወጣ። 16 ሰዎች ነበሩ። ከመድፎቹ ሲርቁ ነጭ አንሶላ ሰቅለው ለሰሜኖቹ ገቡ። መንግሥት 1,500 ዶላር ሸለመው።

በኋላ ምን ገዛ መሰለህ? ያንን ቤት! በግብር ዕዳ ሐራጅ ወጥቶ ነበር። የድሮው ባለቤት ወገን ከሶት ነገሩ ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1878 ስሞልስ ረታ። የጌታው ሚስት አርጅታ፣ አእምሮዋ ተናግቶ፣ ቤቱ አሁንም የሷ መስሏት ስትመጣ ግቢ ብሎ አስቀመጣት ይባላል።

አንተ የምትወደውን ክፍል ልንገርህ፣ ሰውየው ነጋዴ ነበር። ሱቅ ከፈተ፣ ጋዜጣ አቋቋመ። ከዚያ በፊት ፊላደልፊያ ላይ ጥቁር ነህ ተብሎ በፈረስ ከሚጎተት የከተማ ባቡር ላይ አስወርደውት ነበር፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ቻርልስተን ውስጥ በፈረስ የሚጎተት የባቡር ኩባንያ ባለአክሲዮን ሆነ። እኔ ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ፊደል የቆጠረው ደግሞ ካደገ በኋላ ነው። በ1868 የግዛቱ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ ትምህርት ቤት ለሁሉም ልጅ በነፃ ይከፈት ብሎ ሐሳብ ያቀረበው እሱ ነው። ከዚያ የግዛቱ ምክር ቤት ገባ፣ ቀጥሎ የግዛቱ ሴኔት፣ ቀጥሎ ዋሽንግተን የአገሪቱ ምክር ቤት።

አሁን አንተ «ጉቦስ?» ትላለህ። አልደብቅህም። የግዛቱ ሴናተር በነበረበት ጊዜ 5,000 ዶላር ተቀብሏል ተብሎ በ1877 ሦስት ዓመት ተፈረደበት። የከሰሱት ጥቁሮችን ከሥልጣን ሊያስወግዱ የተነሱ ሰዎች ነበሩ፤ በ1879 የግዛቱ ገዢ ይቅርታ አደረገለት፣ በልዋጩም በነሱ ሰዎች ላይ የነበረው የምርጫ ክስ ተነሳ። ንጹሕ ነበር ብዬ አልምልልህም። ግን ሚዛኑን ይዞ የወጣው ማን እንደሆነ እስቲ አንተ ፍረድ።

እኛ ጋ ጆርጂያ ምክር ቤቱ በዓመት የሚሰበሰበው 40 ቀን ነው፣ ደመወዙ ቤት አያስተዳድርም። ስለዚህ ብዙዎቹ ሱቅ ወይ እርሻ ወይ ቢሮ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሱቁን ዘግተህ ግባ የሚል የለም። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ ጠዋት የሚነግድ ሰው ከሰዓት ስለ ንግድ ሕግ እጁን ያወጣል። እሱ ላይ ልክ ነህ፣ እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። አልወሰንኩም።

አንተ ግን የተቆጣኸው በኔ ብቻ አይመስለኝም። በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1967 ያ የምታከራየው ቤት ትርፍ ተብሎ ሲወሰድ ምንም አላልክም። እናቴ ናት የነገረችኝ። እኔ የማስታውሰው ከሱቅ ስንመለስ በዚያ መንገድ አለማለፋችንን ነው። እጄን ይዘህ በወፍጮ ቤቱ በኩል ታዞረኝ ነበር፣ ዝናብም ቢሆን። ለምን እንደሆነ ጠይቄህ አላውቅም።

ቢዩፈርት ያ ቤት ፊት ቆሜ ትንሹ ልጄ «ዳዲ፣ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። እግሬ ደክሞኝ ነው አልኩት።

የቤቱ ካርታ አሁንም በዚያ የብስኩት ጣሳ ውስጥ ነው አይደል? ለገና ስመጣ አውጥተህ አሳየኝ። ከዚያ በዚያ መንገድ አብረን እንሂድ፣ ቀስ ብለን፣ ምርኩዝህን ይዘህ። ስለ ምርጫው ያኔ ትቆጣኛለህ።

ልጅህ