ረቂቅሽን አንብቤ ጨረስኩ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? እማዬና አባዬስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የልብ ወለድሽ ረቂቅ ደርሶኝ እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። የቤቱን ወሬ በስልክ እናወራዋለን፤ ይህ ደብዳቤ የመጽሐፉ ብቻ ይሁን።

እታለም፣ መጽሐፍሽ ያስፈራል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ሦስቱ እህትማማቾች ጫካ ውስጥ ወዳለው ግንብ ሲገቡ አሮጊቷ የምትነግራቸው ቃል ነው፦ «መብራት ከበራ በኋላ በስማችሁ ቢጠሯችሁ አቤት እንዳትሉ።» ለምን እንደሆነ አትናገርም። ሩሲያዊው የተረት አጥኚ ቭላድሚር ፕሮፕ በ1928 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ) ባሳተመው ጥናት የሩሲያን አስማታዊ ተረቶች በ31 የድርጊት ዓይነቶች ሲከፋፍል፣ ሁለተኛው ክልከላ፣ ሦስተኛው የክልከላው መጣስ ነበር። አንባቢ ክልከላውን በሰማ ቅጽበት መጣሱ እንደማይቀር ያውቀዋል። ልቡ ተሰቅሎ የሚጠብቀው ማን፣ መቼ፣ በምን ዋጋ የሚለውን ነው።

ዋጋውን ግን ምዕራፍ 12 ላይ አጥፈሽዋል። ታላቋ አቤት ብላ የእናቷን መልክ ረሳች። መካከለኛዋ አቤት ብላ የገዛ ስሟን አጣች። ታናሿም አቤት አለች፤ ልቧ ንጹሕ ስለሆነ ምንም አልሆነችም። እዚህ ላይ ፍርሃቱ በአንዴ ይተናል፤ አንባቢው የቤቱን ሕግ አምኖ መጥቶ ሕጉ በደራሲዋ ርኅራኄ ሲሻር ያያልና። ሁለት መውጫ አለሽ። አንደኛው ከሁለቱም የከበደ ነገር እንድታጣ ማድረግ ነው። ሁለተኛውን እኔ እመርጠዋለሁ፦ የአሮጊቷን ቃል እንዳለ ውሰጂው። ክልከላው የሚጸናው መብራት ከበራ በኋላ ነው። ታናሿ መብራቱን ሳታበራ በድቅድቅ ጨለማ ብትቀመጥ ሕጉ አይነካትም፤ ማምለጫዋን በድፍረቷ ታገኘዋለች። ለዚህ ንግር፣ ማለትም የሚመጣውን ቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ፣ ያስፈልግሻል። ምዕራፍ 3 ላይ የመብራቱ ዘይት ማለቁን በአንድ መስመር ጠቁሚ፣ ምዕራፍ 7 ላይ አንዴ ድገሚው። ከዚያ ካበዛሽው አንባቢው ቀድሞሽ ይደርሳል።

ሌላው የእናቲቱ ነገር ነው። በመጀመሪያ ስትጽፊው ልጆቹን ወደ ጫካ የላከቻቸው ወላጅ እናታቸው እንደነበረች፣ ጭካኔው ስለበዛብሽ እንጀራ እናት እንዳደረግሻት ነግረሽኛል። ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች የግሪም ወንድማማቾችም ይህንኑ አድርገዋል። በ1812ቱ የተረት መጽሐፋቸው የመጀመሪያ እትም የስኖው ዋይት፣ በውበቷ የተቀናባት ልጅ፣ አሳዳጅ ወላጅ እናቷ ነበረች፤ በ1819ኙ እትም እንጀራ እናት ሆነች። ጫካ ውስጥ የተጣሉት ልጆች የሃንሰልና የግሬቴል እናትም ከጊዜ በኋላ እንዲሁ ተለውጣለች። እነሱ መጽሐፋቸው በየቤቱ ለልጆች መነበቡን አስበው ነው፤ አንቺ የምትጽፊው ለአዋቂ ነው። ወላጅ እናታቸውን መልሺያት። ያኔ ታላቋ መልኳን መርሳቷ ኪሳራ ይሁን እፎይታ አንባቢው ሊወስን ይቸገራል፤ የምዕራፉም ጥልቀት እሱ ነው።

ምዕራፍ 9ን ቁረጪው። በሌሊት የሚጠራው ድምፅ የማን እንደሆነ በስድስት ገጽ ምልሰት፣ ማለትም ወደ ኋላ በሚመለስ ትረካ፣ ተርከሻል። እንግሊዛዊቷ የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ አን ራድክሊፍ በ1826 በታተመ ጽሑፏ፣ በግልጽ የማይታይ ነገር የሚያሳድረው ስጋት ነፍስን እንደሚያሰፋና እንደሚያነቃ፣ አስቀያሚ ነገር ፊት ለፊት ሲገተር የሚፈጥረው ድንጋጤ ግን ነፍስን አኮማትሮ እንደሚያደርቃት ጽፋለች። ያንቺ ምልሰት ድምፁን አካል አልብሶ ፊታችን አቁሞታል። ከስድስቱ ገጾች የተፋቀውን የግድግዳ ሥዕልና በምድጃው አመድ ውስጥ የተገኘውን ቀለበት አስቀሪ። ግማሽ ገጽ ይበቃል፤ የቀረውን አንባቢው በራሱ ፍርሃት ይሞላዋል።

ሥዕሉን ያለ ምክንያት አይደለም አስቀሪ የምልሽ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሆራስ ዋልፖል በ1764 ባወጣው የጎቲክ (በአሮጌ ግንብና በምስጢር የሚያስፈራ) ልብ ወለድ ግዙፍ የራስ ቁር ወድቆ ወራሹን በሠርጉ ቀን ይገድለዋል፤ ልጁ የሞተው ቅድመ አያቱ በሠራው በደል ነው። ከዚያ ወዲህ የጎቲክ ቤት የዘር ዕዳ ያለበት ቤት ነው። ያንቺ ግንብ ጨለማና ሸረሪት ድር ሞልቶታል፣ ዕዳው ግን አይታይም። የተፋቀው ሥዕል የሦስቱን ልጆች አገጭ ቢይዝ ዕዳው የማን እንደሆነ ሳትናገሪ ተነገረ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር። በተረት ዓለም አጥንት ሲናገር የሚደነቅ የለም፤ በጎቲክ ግን ሰው ዓይኑን ይጠራጠራል። እስከ ምዕራፍ 4 ልጆቹ በምንም አይደነቁም፣ ምዕራፍ 5 ላይ መካከለኛዋ «ሕልም ነው?» ብላ ራሷን ትስታለች። ያንን መሳት አውጪው፤ አሮጊቷ ራሷ የምትደነግጥበት አንድ ቦታ ብቻ ቢኖር ይበልጥ ያስፈራል።

ምዕራፍ 12ን አስተካክለሽ ስትጨርሺ ሌላውን ሳትጠብቂ እሱን ብቻ ላኪልኝ። እማዬንና አባዬን ሳሚልኝ።

ወንድምሽ