ቁጥሩ ብቻ አይበቃም፤ ዳተሙንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ወር ስለ መናገሻ ሱባ ደን የእግር ጉዞ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጣም ወድጄዋለሁ። ስለ ጽዱና ስለ ዝግባው፣ ስለ ጉሬዛውም የጻፋችሁት ልክ ነው፤ እኔም ከከተማው ጫጫታ ስሸሽ የምሄደው እዚያው ነው። ቅር ያለኝ ከጽሑፉ ግርጌ ባስቀመጣችኋት ትንሽ ሳጥን ነው። የምንጩንና የመመልከቻውን ቦታ መገኛ ቁጥር (ኮኦርዲኔት) ጽፋችሁ «ጂፒኤስ ያላችሁ ይህን አስገብታችሁ ሂዱ» ብላችኋል። እኔም አስገብቼ ሄድኩ።

ስድስት ነበርን። ከእኛ ጋር የእህቴ ልጅ ነበረች፤ ገና 11 ዓመቷ ነው። ምንጩ ጋ እንቀዳለን ብለን ውኃ በልኩ ነው የያዝነው። መሣሪያው «ደርሰሃል» ሲለኝ የቆምነው ቀጋና እንጆሪ የሞላበት ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ነበር። ምንጭ የለም፣ የሰው ዱካም የለም። አንድ ሰዓት ያህል እሾህ ስንጠርግ ቆይተን ከብት የሚጠብቅ ልጅ አገኘን። ኦሮምኛ የሚችለው ጓደኛችን ጠየቀው። ልጁ እጁን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘረጋና «እዚያ ማዶ ነው» አለን። እውነቱን ነው። ምንጩ ዳር ቆሜ ከእናንተ ነጥብ ያለውን ርቀት ስለካ 230 ሜትር ሆኖ አገኘሁት። አቅጣጫውንና ርቀቱን አንድ ላይ ሳይ ችግሩ ወዲያው ገባኝ።

ያ ቁጥር የተነበበው ከወረቀት ካርታ ነው። በአገራችን የካርታ ሥራ መሥሪያ ቤት ያሳተማቸው 1 ለ50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው። ዳተም ማለት፣ በቀላሉ ለመናገር፣ ካርታ ሠሪው የምድርን ቅርጽ የገመተበትና ልኬቱን የጀመረበት መሠረት ነው። ጂፒኤስ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብልዩጂኤስ 84 በሚባለው ላይ ተስተካክሎ ነው። አንድ ምንጭ በሁለቱ ዳተሞች ሁለት የተለያየ ቁጥር ይኖረዋል። በእኛ አካባቢ የዩቲኤም ቁጥሩ (ቦታን በሜትር የሚገልጸው የካርታ ቁጥር) ወደ ምሥራቅ 90 ሜትር ገደማ፣ ወደ ሰሜን ደግሞ 200 ሜትር ገደማ ይለያያል። ስለዚህ ከወረቀቱ ያነበባችሁትን ባልተነካ መሣሪያ ላይ ብታስገቡት ነጥቡ ከእውነተኛው ቦታ ደቡብ ምዕራብ ላይ ይወድቃል። ካርታው አልተሳሳተም፣ መሣሪያውም አልተበላሸም። የጎደለው ከቁጥሩ አጠገብ መጻፍ የነበረበት አንድ ቃል ነው።

መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው። ቁጥሩን ከማስገባታችሁ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ዳተሙን አዲንዳን አድርጉት። ነጥቡን አስቀምጡ። ከዚያ ወደ ደብልዩጂኤስ 84 መልሱት፤ መሣሪያው ራሱ ያሰላዋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሱባ ላይ 230 ሜትር የሚያስከፍለው እሾህና ጥማት ነው፣ ይሁን። ስሜን ተራራ ላይ ግን፣ ከግጭ ወደ ኢሜት ጎጎ ጫፍ ስትወጡ፣ መንገዱ የገደል አፋፍ ይዞ ነው የሚሄደው። እዚያ ጭጋግ ሲወርድ ሰው የሚያየው የእጁን መሣሪያ ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩትም እሱን እያሰብኩ ነው።

ነገሩን ካነሳሁ አይቀር ስለ ካርታው ሥራም ልጻፍላችሁ። አብረውኝ ለሚጓዙ ሰዎች የዱካ ካርታ እየሠራሁ በጂፒኤሳቸው ላይ ስጭን ሦስት ዓመት ሆኖኛል። የጀመርኩት ተዘጋጅቶ የተገኘው ካርታ ስላሳሰበኝ ነው። ደኑ ውስጥ ከተሣሉት መስመሮች አንዳንዶቹ እግር ያልረገጣቸው ናቸው፤ ከሳተላይት ፎቶ ላይ በግምት የተሣሉ ይመስላሉ። ከላይ ሲታይ መንገድ የሚመስለው ነገር ግንድ የተጎተተበት፣ ከብት የሚወርድበት ወይም ጎርፍ የጠረገው ቦይ ሊሆን ይችላል። ትክክለኛው ዱካ ደግሞ ከጽዱ ቅርንጫፍ ሥር ነውና ፎቶው ጭራሽ አያሳየውም። ችግሩ መሣሪያው ሁሉንም መስመር እኩል አድርጎ ማሳየቱ ነው። ባዶ ቦታ ያየ ሰው ቆሞ ይጠይቃል፣ መስመር ያየ ሰው ግን ሳይጠይቅ ይሄዳል። ለዚህ ነው ያልሄድኩበትን የማልሥለው።

ሲሄዱም አሠራር አለው። ወደ ደኑ ከመግባቴ በፊት ሜዳ ላይ ቆሜ ሳተላይቶቹን በደንብ እስኪይዝ እጠብቃለሁ። በየአምስት ሰከንዱ እንዲመዘግብ አደርገዋለሁ። ለእረፍት ስንቀመጥ ምዝገባውን አቆመዋለሁ፤ ካልቆመ ተቀምጣችሁ ሳለ እንደተወሳሰበ ክር የመሰለ ነገር ይሥላል። በረጃጅም ዛፍ ሥርና በሸለቆ ግድግዳ አጠገብ ደግሞ ሲግናሉ እየተመታ ስለሚመለስ ነጥቡ 10 ወይም 20 ሜትር ወዲያና ወዲህ ይዘላል። አንድ ጊዜ ሄዶ ማመን የማይቻለው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ ስሄድም ስመለስም እመዘግባለሁ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እደግመዋለሁ፣ ምክንያቱም ሳተላይቶቹ በየሰዓቱ ቦታቸውን ይለውጣሉ። ከዚያ ሦስቱንም ትራክ (መሣሪያው የመዘገበውን የጉዞ መስመር) በኮምፒውተር ላይ ደራርቤ መሐል ለመሐል እሥላለሁ። ምንጭና መንታ መንገድ ላይ መሣሪያውን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ለብዙ ደቂቃ አማካይ እንዲወስድ እተወዋለሁ። ጓደኞቼ ይሰለቹብኛል፣ ግን ይጠብቁኛል።

የሳተላይት ፎቶውን አልጥልም፣ እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን በተራራማ ቦታ ፎቶው ራሱ በሜትሮች ሊንሸራተት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶውን ከትራኬ ጋር አስተካክላለሁ። ብዙ ሰው ግን ትራኩን ወደ ፎቶው ይጎትታል፤ ያኔ የለፋበት ሁሉ ይበላሻል።

ኮንቱሩን፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኘውን መስመር፣ በተመለከተ፣ አብዛኛው ነፃ የከፍታ መረጃ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 አንድ መንኮራኩር በራዳር ከለካው ነው። በ30 ሜትር አንድ ነጥብ ነው ያለው። ከዚያ የ20 ሜትር ኮንቱር ማውጣት ይቻላል፤ የተራራውን ቅርጽ ለማወቅ ያገለግላል። ገደል ላይ ግን አትመኑት። በሁለት ነጥቦች መካከል ቀጥ ብሎ የወረደ ግድግዳ እንደ ለስላሳ ቁልቁለት ሆኖ ይወጣል። ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ ደግሞ ራዳሩ ወደ መሬቱ ሳይሆን ወደ ዛፉ አናት የቀረበውን ነው የለካው። የገደሉን አፋፍ እኔ በእግሬ አይቼ በእጄ ነው የምሥለው።

ከዚህ በኋላ ያለው የኮምፒውተር ሥራ ነው፣ ትዕግሥት ላለው ሰው አይከብድም። ጆስም በሚባል የካርታ መሥሪያ ፕሮግራም ሥዬ ሁሉም ሰው እንዲጠቀምበት ኦፕንስትሪትማፕ በሚባለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ ላይ አወጣዋለሁ። የሌላ ድርጅት ካርታ ያለ ፈቃድ አይቶ መቅዳት እዚያ ክልክል ነው። ከዚያ የምፈልገውን አካባቢ ቆርጬ ኤምኬጂማፕ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ጋርሚን ለሚባለው የጂፒኤስ መሣሪያ የሚሆን ፋይል አወጣለሁ፤ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ጋርሚን በሚለው ፎልደር ውስጥ ማስገባት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሁለት መንገዶች ሲገናኙ በአንድ የጋራ ነጥብ መታሰር አለባቸው። በዓይን የተገናኙ መስለው ካልታሰሩ መሣሪያው መንገድ የለም ብሎ ተራራውን ዙሩ ይላችኋል። የወረቀት ካርታ ስካን አድርጋችሁ የምትጭኑም ካላችሁ፣ ዳተሙን ካልቀየራችሁት ያው የ200 ሜትር ስሕተት አብሯችሁ ይገባል።

ስለ ስም ሳልናገር አላልፍም። እኔ ያለኝ መሣሪያ የግእዝ ፊደል አያሳይም፣ ባዶ ሳጥን ነው የሚደረድረው። ደኑ ባለበት በወጨጫ ተራራ ዙሪያ ያሉ ስሞች ግን ብዙዎቹ ኦሮምኛ ናቸው፤ የአካባቢው ሰው በቁቤ እንደሚጽፋቸው ስጽፋቸው ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ስለዚህ ከጆሮዬ ገምቼ አልጽፍም፣ ጠይቄ አስጽፋለሁ። የአማርኛውን አጻጻፍም ለብቻው እጨምራለሁ፣ ስልክ ላይ ለሚያየው ሰው ይጠቅማል። አንድ ወንዝ ላይኞቹ ሰዎች በአንድ ስም፣ ታችኞቹ በሌላ ስም ሲጠሩት ገጥሞኛል። ሁለቱንም ጻፍኳቸው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እረኞች፣ የደኑ ጠባቂዎችና አስጎብኚዎች ናቸው። አስጎብኚ ይዛችሁ ሂዱ፣ ተገቢውን ክፈሉት፤ ካርታ ሠሪም ብትሆኑ።

ዱካው የተረገጠበትን ወርም እጽፋለሁ። በጥር ዘልለን ያለፍነው ወንዝ በነሐሴ የማይታለፍ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። እባካችሁ ያንን ቁጥር አርሙት። ከዚህ በኋላ ቁጥር ስታወጡ ዳተሙን፣ የዩቲኤም ዞኑን (ቁጥሩ የሚቆጠርበትን የምድር ክፍል፤ የሱባው 37 ነው) እና ቁጥሩ ከካርታ የተነበበ ይሁን በቦታው ተሂዶ የተለካ፣ እሱንም ጨምሩ። አንድ አጭር መስመር ነው፣ ከገጻችሁ ላይ ብዙ ቦታ አይወስድም። ጽሑፉን የጻፈው ሰው ደግሞ ፈቃደኛ ከሆነ አብሮን ይውጣ፣ ደስ ይለናል።

የምንጩን ትክክለኛ ነጥብና የሠራሁትን ካርታ ከደብዳቤው ጋር ልኬላችኋለሁ። ወደ ወጨጫ ጫፍ ሲወጣ አስታው የሚጀምርበት አካባቢ አንድ ቁራጭ ባዶ ታገኛላችሁ። እዚያ ያለፍኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም በጭጋግ። ጥቅምት ላይ ሰማዩ ሲጠራ ተመልሼ እሄዳለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ