ራሱን የሚጠግን ካታሊስት ጥገናውን የሚያገኘው ከየት ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ስለሚከፍሉ፣ ራሳቸውንም ስለሚጠግኑ ካታሊስቶች (ኬሚካዊ ለውጥን ስለሚያፋጥኑ ቁሶች) ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጉዳዩ መነሣቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፣ ጽሑፉ የመጠገንን ችሎታ የቁሱ የራሱ ባሕርይ ብቻ አድርጎ ማቅረቡ መታረም የሚገባው ይመስለኛል።

ትልቁ ችግር ኦክሲጅን በሚወጣበት ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩን ከውሃው ጋር በሚያገናኘው አካል) ላይ ነው። አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል ለማግኘት ከሁለት የውሃ ሞለኪውሎች አራት ኤሌክትሮኖችና አራት ፕሮቶኖች መነጠቅ ስላለባቸው፣ በተግባር የሚያስፈልገው ቮልቴጅ በንድፈ ሐሳብ ከሚበቃው 1.23 ቮልት ይበልጣል፤ በዚህ ሁኔታ የሚሠራ ካታሊስት ደግሞ ለመሟሟት የተጋለጠ ነው። ዕፅዋትም ቢሆኑ ከዚህ ጉዳት አላመለጡም፤ ውሃን የሚከፍለውን የማንጋኒዝና የካልሲየም ስብስብ ከያዙት ፕሮቲኖች አንዱን በብርቱ ብርሃን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ገደማ እየለወጡ ይኖራሉ።

የኬሚስትሪ ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ኖሴራና ማቲው ካናን እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረጉት የኮባልትና የፎስፌት ካታሊስት የሚሠራው በሌላ ስልት ነው። ኮባልትና ፎስፌት በሟሙበት ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ፣ ኮባልቱ ስስ ሽፋን ሆኖ በኤሌክትሮዱ ላይ ያርፋል። የኖሴራ ቡድን በቀጣዩ ዓመት በራዲዮአክቲቭ ኮባልት ተከታትሎ እንዳሳየው፣ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ከሽፋኑ ኮባልት ወደ ውሃው ይወጣል፤ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ግን፣ ፎስፌት እስካለ ድረስ፣ ተመልሶ ይጣበቃል። ይህ የሚሆነው ሽፋኑ የሚፈጠርበት ቮልቴጅ ኦክሲጅን ለማውጣት ከሚያስፈልገው ስለሚያንስ ነው። የሁለቱ ቮልቴጆች ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ኖሮ ጥገና የሚባል ነገር ባልኖረ ነበር።

ስለዚህ የካታሊስት ነዳፊ ከቁሱ ጋር ውሃውንም መንደፍ ይኖርበታል፦ የአሲድነቱን መጠን፣ የተሟሟቱን አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ ቅንጣቶች) ዓይነት፣ የሟሟው ማዕድን የሚሄድበትን ቦታ ጭምር። ወደ ተቃራኒው ኤሌክትሮድ ያመለጠ ኮባልት አይመለስም። ከብርቅዬ ብረት የሚገኘው ካታሊስት ኢሪዲየም ኦክሳይድ ዛሬም ተመራጭ በሆነበት ብርቱ አሲድ ውስጥም ይህ የኮባልትና የፎስፌት ስልት አይሠራም። በአልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ በሆነ) ውሃ የሚሠሩት የኒኬልና የብረት ካታሊስቶች በበኩላቸው የሚያጡትን ብረት መልሰው የሚያገኙት በውሃው ውስጥ ጥቂት የሟሟ ብረት ሲኖር ነው። ይህን ጥገና እንበለው ወይስ መሙላት? ለእኔ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ወደፊት አንድ ካታሊስት ለረጅም ሰዓት መሥራቱን ስትዘግቡ፣ ኤሌክትሪኩ በመሐል ተቋርጦ ያውቅ እንደሆነና በሙከራው ማብቂያ ውሃው ውስጥ ምን ያህል ማዕድን እንደተገኘ አብራችሁ ብትገልጹልን እወዳለሁ። ከፀሐይ የሚመነጭ ኃይል በየምሽቱ የሚቋረጥ ስለሆነ፣ ሳይቋረጥ በሚፈስ ኤሌክትሪክ ብቻ የተገኘ የዕድሜ ቁጥር ስለ ጥገናው የሚነግረን ጥቂት ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ