ዓሣ የሌለበት አኳሪየም፦ የባሕር ሕይወት ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ የባሕር ሕይወት ክበብ የዓመቱን ሰፊ ጊዜ ያሳለፈው ዓሣ የሌለበት አኳሪየም ሲንከባከብ ነው። በላቦራቶሪው በር የሚያልፉ ተማሪዎች «ዓሦቹ ሞቱ እንዴ?» እያሉ ሲጠይቁ ከርመዋል። አልሞቱም። አኳሪየሙን ለምን ባዶ እንዳቆየነው ግን መተላለፊያ ላይ ቆሞ የሚያልቅ ወሬ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው።

የክበቡ አኳሪየም ጨዋማ ውሃ ነው። በ1 ሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ሙቀቱ 26 ዲግሪ ላይ ይጠበቃል። ዓመቱ ሲጀምር ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ሰማያዊ ታንግና አንድ ጎቢ የሚባሉ አራት ዓሦች ነበሩበት። ሽሪምፕ፣ ቀንድ አውጣና ኮራልም አለ። አባላት ተራ ገብተው ይመግባሉ፣ ውሃ ይለካሉ፣ ያዩትን ሁሉ መዝገብ ላይ ያሰፍራሉ። ይሄ መዝገብ በኋላ ትልቅ ባለውለታችን ሆኗል።

ወደ ገደለው ልግባ። በመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት አጋማሽ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል አባላችን ታንጉ ጎኑን ድንጋይ ላይ እያሻሸ ሲፈተለክ አየች። ምግቡን ግን እንደ ወትሮው በልቷል። እሷም ሁለቱንም ጻፈች። በማግስቱ ጠዋት ክንፎቹ ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች ወጡ፤ ጨው የተነሰነሰበት ነበር የሚመስለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ ነጠብጣቡ ጠፋ። ልጆቹ ደስ አላቸው፣ «ዳነ!» ብለው ሌሎቹን ጠሩ። ያን ደስታ ማቋረጥ ከብዶኝ ነበር፤ ቢሆንም መናገር ነበረብኝ። ነጠብጣቡ ጠፋ ማለት በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም። እንዲያውም በሽታውን ያመጣው ተውሳክ ሊባዛ ወደ አኳሪየሙ ወለል ወርዷል ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ነጠብጣቡ ተመለሰ። በዚህኛው ዙር ግን ክላውንፊሾቹም ላይ ጭምር ነበር።

በሽታው ማሪን ኢክ ይባላል። የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስ የተባለ ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ተውሳክ ነው። ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በ1951 ነው። በጨው አልባ ውሃ ዓሦች ላይ የሚታየው ነጭ ነጠብጣብ መልኩ ቢመሳሰልም ሌላ ተውሳክ የሚያመጣው ሌላ በሽታ ነው። ስለዚህ የአንዱ ሕክምና ለሌላው ይሠራል ማለት አይቻልም።

የዚህ ተውሳክ ብልሃቱ ዕድሜውን የሚከፋፍልበት መንገድ ላይ ነው። ዓሣው ቆዳና ስንጥብ ውስጥ ገብቶ ከ3 እስከ 7 ቀን ይበላል። ሲጠግብ፣ ብዙውን ጊዜ በጨለማ፣ ዓሣውን ለቆ ይወርዳል። ጥቂት ሰዓታት ከተንቀሳቀሰ በኋላ አሸዋ፣ ድንጋይ ወይም መስታወት ላይ ተጣብቆ ጠንካራ ሽፋን ያለው ከረጢት ይሠራል። እዚያ ውስጥ ይከፋፈላል፣ ይከፋፈላል፤ ሲፈነዳ ከ200 በላይ ዋናተኛ ሕዋሶች ሊወጡ ይችላሉ። እነዚህ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። አብዛኞቹ ከረጢቶች ከ3 እስከ 28 ቀን ባለው ጊዜ ይፈነዳሉ። ነገር ግን 72 ቀን የቆየም ተመዝግቧል። ዓሣው ላይ የሚታየው ነጥብ እንግዲህ የታሪኩ ቁራጭ ነው። ሌላው ሁሉ የሚካሄደው ዓይናችን በማያርፍበት ቦታ ነው።

ይህን ለተማሪ በሰሌዳ ላይ መሳል ይቻላል። እኛ ግን በዓይናችን አየነው። ዓሦቹን ወደ ፕላስቲክ ሳጥኖች ባወጣን ጊዜ የሳጥኖቹ ወለል ላይ የመስታወት ስላይዶች ዘርግተን አሳደርን። ጠዋት አንዱን አንስተን ማይክሮስኮፕ ስር ስናደርገው ድቡልቡል፣ ጠቆር ያሉ ኳሶች ተለጥፈውበት ነበር። በጣት ውሃ ብናፈስባቸው አይነቃነቁም። ስላይዱን በጨዋማ ውሃ በተሞላ ትንሽ ሳህን ውስጥ አቆይተን በየዕለቱ አየነው። ኳሱ በውስጡ ለሁለት፣ ለአራት፣ ከዚያም መቁጠር ወደማይቻልበት ተከፋፈለ። በመጨረሻ አንዱ ተቀደደና ሲሊያቸውን (ፀጉር መሰል መቅዘፊያቸውን) እያርገበገቡ የሚፈተለኩ ደቃቅ ነገሮች ወጡ። ላቦራቶሪው ውስጥ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ የሕይወት ዑደትን ያስተማረ መምህር እንኳ ይህን ሲያይ እንደ አዲስ ይገረማል።

ሕክምናውን የመረጥነው ከዚህ ዕውቀት ተነስተን ነው። ጨውን ወደ 1.009 አንጻራዊ ጥግግት (ከንጹሕ ውሃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ከረጢቶቹ ያን አይችሉትም። መዳብ ያለበት መድኃኒትም አለ። ሁለቱም ግን ሽሪምፕን፣ ቀንድ አውጣንና ኮራልን ይገድላሉ፤ ስለዚህ ዋናው አኳሪየም ውስጥ አይገቡም። እኛ መድኃኒት የሌለውን መንገድ ወሰድን። ዓሦቹን በየ72 ሰዓቱ ንጹሕና ፍጹም ደርቆ ወደ ነበረ ሌላ ሳጥን ማዛወር፣ ይህንንም 4 ጊዜ መድገም ነው። ከዓሣው የወረደው ተውሳክ ከረጢቱ እስኪፈነዳ ቢያንስ 3 ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ ዓሣው ቦታውን ለቋል። ከረጢቱ ባዶ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ሳጥኑም ይታጠባል፣ ይደርቃል።

በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር 72 ሰዓት እሑድን አያውቅም። ልጆቹ በዕረፍት ቀናቸው እየመጡ ውሃ ቀላቀሉ፣ ጨዉን ለኩ፣ ሙቀቱ ከቀድሞው ሳጥን እኩል መሆኑን አረጋገጡ። በየሳጥኑ ማሞቂያ፣ የአየር ድንጋይና መደበቂያ የሚሆን የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ ነበር። አሸዋም ድንጋይም የለም። ከዓሦቹ ቆሻሻ የሚመጣው አሞኒያ በየዕለቱ ይለካል፤ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ዓሣን ቶሎ የሚጎዳው እሱ ነውና። አንዲት ጥንቃቄ ለሌሎችም ትጠቅማለች። ታንግ ጅራቱ ሥር በሁለቱም ጎን ስለታም እሾህ አለው፣ መረብ ላይ ተሰክቶ ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ በፕላስቲክ ወንፊት ነበር የምናነሳው። ወንፊቱም ከያንዳንዱ ዝውውር በኋላ ይታጠባል፣ ይደርቃል። በእርጥብ ወንፊት መጠቀም ማለት ተውሳኩን በክብር ማሸጋገር ማለት ነው።

አራቱም ዓሦች ተረፉ።

ዋናው አኳሪየም ግን ገና ነበር። ድንጋዩና አሸዋው በከረጢት የተሞላ ነው። መፍትሔው ዓሣ መንሳት ብቻ ነው፣ ዋናተኞቹ ወጥተው የሚይዙት አጥተው እንዲያልቁ። ስለ ጊዜው የተለያየ ምክር አለ። 6 ሳምንት ይበቃል የሚሉ አሉ፣ 76 ቀን የሚሉም አሉ። የ72 ቀኑን ማስረጃ ስላየን ረጅሙን መረጥን። ዓሦቹ በዚህ ጊዜ ሁሉ ለይቶ ማቆያ ገንዳ ውስጥ፣ በአንድ ስፖንጅ ማጣሪያ፣ ጤነኛ ሆነው ቆዩ።

እዚህ ላይ የአባላት ቁጥር ቀነሰ። ዓሣ የሌለበት አኳሪየም ማንን ይስባል? የቀሩት ግን ያላሰቡትን አገኙ። የሚበላቸው ሲጠፋ ኮፔፖድ የሚባሉ ደቃቅ የውሃ እንስሳት መስታወቱን ሞሉት፤ በዓይን የሚታዩ፣ ዘለል ዘለል የሚሉ ነጫጭ ነጥቦች። አኳሪየሙን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን በቀይ ባትሪ ስናይ ትሎች ከድንጋዩ ቀዳዳ ወጥተው ሲበሉ አየን። አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ እነዚህን ሁሉ እየሳለ ደብተር ሞላ። ውሃውን የሚያጸዱት ባክቴሪያዎችና ሽሪምፑ እንዳይራቡ በየጊዜው ቁንጥር ምግብ እንጥል ነበር። የሄዱት አባላት በሥዕሉ ወሬ ተመለሱ።

በነገራችን ላይ ብዙ ሰው ምክር ሰጥቶናል። ነጭ ሽንኩርት ከምግብ ጋር፣ ውሃውን ማሞቅ፣ ተውሳክ ለቅሞ ይበላል የሚባል ሽሪምፕ። ሽሪምፑማ ነበረን። ቆዳ ውስጥ የገባውን ተውሳክ አያወጣም። ነጭ ሽንኩርት አኳሪየምን ከተውሳክ አያጸዳም። አልትራቫዮሌት መብራት በውስጡ የሚያልፉትን ዋናተኞች ይገድላል፤ ድንጋይ ላይ የተጣበቀውን ግን አይነካም። እነዚህን የምጽፈው ሰውን ለመንቀፍ አይደለም፣ በቅንነት የመጡ ምክሮች ናቸው። ነገር ግን ነጠብጣቡ በተፈጥሮው ለጥቂት ቀናት ስለሚጠፋ ማንኛውም ነገር የሠራ ይመስላል። ያ ነው ብዙ ዓሣ የሚያስጨርሰው።

ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የባሰውን ይዞ መጣ። ይሄኛው በትምህርት ቤቱ አልነበረም፣ በአንድ አባላችን ቤት ነው። እናቱ ማታ ደውለው «ዓሦቹ ይተነፍሳሉ እንጂ አይበሉም» አሉኝ። ዓሦቹ ከፓምፑ ፊት ቆመው ስንጥባቸውን በፍጥነት ያርገበግባሉ፣ ከብርሃን ይሸሻሉ። ነጠብጣብ የለም ማለት ይቻላል። በጎን ብርሃን ሲታዩ ብቻ ደቃቅ፣ ወርቃማ ብናኝ ቆዳቸው ላይ አለ። ጠዋት ሁለቱ ሞተው ተገኙ። ልጁ አንዱን ወዲያው ይዞልን መጣ። ወዲያው መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ዓሣ ሲሞት ተውሳኮቹ ቶሎ ጥለውት ይሄዳሉ። ከስንጥቡ ቁራጭ ወስደን ስናይ የማይንቀሳቀሱ፣ ሞላላ፣ ጥቁር ቡናማ ፍሬዎች ተደርድረውበታል። የኢክ ተውሳክ ቀስ እያለ ይሽከረከራል። ይሄ ግን ሥር መሰል ነገር ሰድዶ ስንጥቡን ጨብጦ ይቀመጣል። አሚሎኦዲኒየም የተባለ ሌላ ተውሳክ ነው፤ አኳሪየም ያላቸው ሰዎች ቬልቬት ይሉታል።

ቬልቬት ጊዜ አይሰጥም። መጀመሪያ ስንጥብን ስለሚይዝ ቆዳው ላይ ሲታይ መሽቷል። በየ72 ሰዓቱ ማዛወርም ለእሱ አስተማማኝ አይደለም። ልጁና እናቱ የተረፉትን በዚያው ቀን ወደ ሌላ ገንዳ አውጥተው መዳብ ጀመሩ። ከመዳብ ጋር መቀለድ የለም። ካነሰ ተውሳኩ ይተርፋል፣ ከበዛ ዓሣው ይመረዛል። ነፃ መዳብ ያለበት መድኃኒት በ1 ሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊግራም ሲፈልግ፣ በሌላ ውህድ የታሰረው ዓይነት ደግሞ መጠኑ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብና ለዚያው ዓይነት የሚሆን መለኪያ መያዝ ግድ ነው። ድንጋይና አሸዋ መዳብን ስለሚመጥጡ ገንዳው ባዶ ወለል መሆን አለበት። ውሃ ሲቀየርም አዲሱ ውሃ አስቀድሞ መዳብ ይጨመርበታል። አሞኒያን የሚያስር ኬሚካል ከነፃ መዳብ ጋር መቀላቀል ደግሞ መዳቡን ይበልጥ መርዛማ ሊያደርገው ስለሚችል አሞኒያውን ውሃ በመቀየር ብቻ ነበር የሚያወርዱት። ልጁ ጠዋት ከትምህርት በፊት፣ ማታ ከቤት ሥራ በኋላ ለካ። አንድ ክላውንፊሽና አንድ ጎቢ ተረፉ። ሌሎቹን አጥቷል። ያጣቸውን ሲቆጥር አብረውት የተቀመጡት የክበቡ ልጆች ናቸው፣ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ።

ሌሎች ተውሳኮችን በመጽሐፍ ብቻ ነው ያየናቸው። ብሩክሊኔላ በተለይ ክላውንፊሽን ይይዛል፣ ወፍራም ንፍጥ ያለብሳል፣ እዚያው ዓሣው ላይ ይባዛል። ቆዳ ላይ የሚለጠፉ ጠፍጣፋ ትሎች ደግሞ ዓሣው ሙቀቱና የአሲድነት መጠኑ (ፒኤች) በተስተካከለ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ለ5 ደቂቃ ሲገባ ነጭ ሆነው ይረግፋሉ።

በወላጆች ቀን ያቀረብነው የሚሽከረከር የካርቶን ክብ ሲሆን፣ ሲዞር ተውሳኩ በየቀኑ የት እንዳለ ያሳያል። ብዙ ወላጆች የጠየቁት «ሰውን ይይዛል?» ብለው ነው። ኢክም ቬልቬትም ሰውን አይይዙም። ሆኖም በዓሣ ውሃ ውስጥ የሚኖር ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የሚባል ባክቴሪያ በቁስል ሊገባ ስለሚችል እጁ የተቆረጠ አባል ጓንት ካላደረገ ውሃ አይነካም።

ኢክ ከየት መጣ? መዝገቡን ወደኋላ አገላበጥነው። አዲስ ዓሣ አልገባም ነበር። የገቡት ከሌላ ሰው አኳሪየም የተሰጡን ቀንድ አውጣዎች ናቸው፣ ያውም ዓሣ ካለበት አኳሪየም። ከረጢቱ ቅርፊታቸው ላይ ተለጥፎ መምጣት ይችላል። ጥርጣሬያችን እዚያ ላይ ነው። ከአሁን በኋላ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ኮራልም፣ ቀንድ አውጣም፣ ማንኛውም እርጥብ ነገር ለይቶ ማቆያ ሳያልፍ አይገባም። ለይቶ ማቆያውንም ከዋናው አኳሪየም 3 ሜትር ያህል እናርቀዋለን፤ የቬልቬት ተውሳክ በአየር ላይ በሚበተን ደቃቅ የውሃ ጠብታ መሻገር ይችላልና።

ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ነገር አቅደናል። አንደኛው፣ አንድ ስፖንጅ ዘወትር ዋናው ማጣሪያ ውስጥ ተቀምጦ ባክቴሪያ እንዲይዝ ማድረግ ነው፣ ለይቶ ማቆያ ባስፈለገ ሰዓት ዝግጁ እንዲሆን። ሁለተኛው፣ ቤታቸው አኳሪየም ላላቸው ተማሪዎች የማይክሮስኮፕ ቀን መክፈት ነው። ዓሣችሁ ቢታመም ምን እንደያዘው ሳታዩ መድኃኒት አትጨምሩ፤ መጀመሪያ ወደ እኛ ኑ። ክዳን ያላቸው ትልልቅ የፕላስቲክ ሳጥኖች በቤታችሁ ያለ ሥራ ከተቀመጡ፣ ሳሙና ያልነካቸው ከሆኑ፣ ክበቡ ይፈልጋቸዋል። ምዝገባው በሥነ ሕይወት ላቦራቶሪ ነው።