የፈተናው ወረቀት ለተማሪው ይመለስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የመንፈቅ ዓመቱ ውጤት በተለጠፈ ማግስት በየቤቱ የሚሰማው ንግግር ተመሳሳይ ነው። ተማሪው «ሒሳብ የሚባል ነገር አይገባኝም» ይላል፤ ወላጅም «የእሱ ጭንቅላት ትምህርት አይቀበልም፣ ጎበዝስ ታናሹ ነው» ብሎ ይደመድማል። ፍርዱ የሚሰጠው ግን ወረቀቱን ማንም ገልጦ ሳያየው ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ልጅ ጭንቅላት ጎድሎት አይደለም።

አንድ ጥያቄ እንይ። 12 − (5 − 8) ስንት ነው? ተማሪው −1 ብሎ ይመልሳል፤ በቀይ ይሰረዝበታል፤ በዚያው ይቀራል። አሠራሩን ስናይ 12 − 5 − 8 ብሎ ጽፏል። ቅንፉን ሲፈታ የ8ን ምልክት አልቀየረም፤ መልሱ 15 ነበር። ይህ ልጅ መደመርም መቀነስም ያውቃል፤ ያመለጠው አንድ ሕግ ነው። ካልተነገረው ግን በአልጀብራው ሁሉ ይከተለዋል። አሥር ቦታ ሲሳሳት፣ አሥር ነገር ያልገባው ይመስለዋል።

ስለዚህ ለስሕተት ብቻ የሚሆን ደብተር ይኑረው። ጥያቄውንና የራሱን የተሳሳተ አሠራር እንዳለ ይገልብጥ፤ ከሥሩ ምክንያቱን ይጻፍ፦ አላውቀውም ነበር፣ ጥያቄውን በደንብ አላነበብኩም፣ ወይም ሰዓት አለቀብኝ። መድኃኒታቸው ይለያያል። የመጀመሪያው ወደ መጽሐፉና ወደ መምህሩ ይመልሳል። ለሁለተኛው «ያልሆነው» እና «በስተቀር» ከሚሉት ቃላት ሥር ማስመር ይበቃል። ለሦስተኛው፣ 60 ጥያቄ በ120 ደቂቃ ከሆነ ለአንዱ 2 ደቂቃ ነውና፣ የከበደውን አልፎ በመጨረሻ መመለስን ይልመድ። ከዚያ መልሱን ሸፍኖ ከ2 ቀን በኋላ፣ እንደገና ከሳምንት በኋላ ይሥራው። ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፤ ትክክለኛውን መልስ ከጓደኛ ይገለብጡና የገባቸው ይመስላቸዋል። በአንድ ምሽት ከ5 ጥያቄ በላይ አይነካ። ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜና እሑዱ ስንቅ በማምጣት የሚያልቅበት ልጅ፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየምሽቱ 30 ደቂቃ ይበቃዋል።

«በርታ» ማለት ብቻ አይጠቅመውም። በተሳሳተ መንገድ ሌሊቱን ሙሉ ያጠና ልጅ ስሕተቱን ነው የሚያጠናክረው። «ጎበዝ ነህ» የሚለውም ችግር አለበት። ሙለርና ድዌክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1998 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ባወጡት ጥናት፣ በብልህነታቸው የተመሰገኑ የ5ኛ ክፍል ልጆች ከባድ ጥያቄ ካቃታቸው በኋላ ውጤታቸው ወርዷል፤ በጥረታቸው የተመሰገኑት ግን ተሻሽለዋል። እኛም ለልጁ «ቅንፉን ዛሬ በትክክል ፈታኸው» እንበለው፤ ምኑን እንዳሻሻለ ይወቀው።

ወላጆችም ይህ አይጠፋቸውም። በዞናችን የእነዋሪ ከተማ አካባቢ ያለ ገበሬ በዋልካው ላይ ውኃ ሲተኛበት መደብ ከፍ አድርጎ በቦይ ያንጠፈጥፈዋል እንጂ መሬቱ አይረባም ብሎ አይተወውም። ለልጁም ውኃው የት ላይ እንደተኛ ይጠየቅለት።

የዞናችን ትምህርት ቤቶች የታረመውን ወረቀት በአንድ ሳምንት ውስጥ ለተማሪው እንዲመልሱና አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለእርማት እንዲሰጡ እንጠይቃለን። የብሔራዊው ፈተና ወረቀት ወደ ተማሪው አይመለስም፤ ስሕተቱን በዓይኑ ሊያይ የሚችለው በእኛ ፈተና ላይ ብቻ ነው።

መምህራን፣ ከሰሜን ሸዋ